ሠላሳኛው ቆጣሪ

ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለቢሮ ነበር። ቢሮ ግን ኮምፒውተር አለ፤ እንግዲህ የራሴ ይሁን።

ዛሬ ጌዲዮን ጠርቶ ሥራውን ሰጠኝ። ጌዲዮን የመብራት አገልግሎት ማዕከላችን ኃላፊ ነው፤ ሲደሰትም ሲቆጣም ፊቱ አንድ ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ፣ በጀት ዓመቱ እስኪዘጋ፣ ሠላሳ ግቢ ካስፈረምን የሙከራው ፕሮጀክት እዚሁ አቃቂ ይቀጥላል፤ ለከርሞ ሦስት መቶ ቤት ይፈቀድልናል። አንድ እንኳ ከጎደለ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ይሄዳል። የእኔም ኮንትራት የሚያልቀው በዚያው ቀን ነው። ይህ ግን ከነገሩ ጋር አይገናኝም።

ነገሩ ቀላል ነው። ሶላርና ባትሪ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል፤ በአንዴ የሚከፍለው ገንዘብ ግን የለውም። እኛ ገዝተን ጣሪያው ላይ እንሰቅልለታለን፤ እሱ በየወሩ ከመብራት ሂሳቡ ጋር ትንሽ ትንሽ እየከፈለ በስድስት ዓመት ይጨርሳል። ዋናው ሕግ፦ በወር የምናስከፍለው ፀሐይዋ ከምታተርፍለት አይበልጥም። ቤቱን ቢሸጥ እንኳ ክፍያው ከቆጣሪው ጋር ይቀራል እንጂ እሱን አይከተለውም።

ቅጹ አምስት ገጽ ነበር። አንድ ገጽ አደረግሁት። የባለ ቆጣሪው ስም፣ የቆጣሪው ቁጥር፣ ፊርማ። አለቀ። ጌዲዮን አገላብጦ አየውና «ጀርባው ባዶ ነው?» አለ። አዎ፣ ባዶ ነው፤ ሥራ የሚያውቅ ሰው የሠራው ስለሆነ።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

የመጀመሪያዋ ፈራሚ አክስቴ ኡሙልኸይር ሆነች። የምኖረውም እሷ ግቢ ነው፤ አቃቂ በሰቃ፣ ከብረት በር ሠሪዎቹ ጀርባ። ዋናው ቤት የእሷ ነው። ጎን ለጎን ከተደረደሩት ክፍሎች በአንዱ ሩት አለች፤ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለጠያቂዎች ቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ትሸጣለች፣ ስለዚህ ፍሪጅ አላት። በሁለተኛው የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው ኤባና ሚስቱ። በሦስተኛው ጋሽ ገብረጻድቅ፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ። አራተኛው የእኔ ነው። ዘመድ ስለሆንኩ ኪራይም መብራትም አልከፍልም። ሁላችንም በአንድ ቆጣሪ ነን።

አክስቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወለድ አለው ወይ። የለውም፤ ዋጋው ከነትርፉ ከመጀመሪያው ቀን የተቆረጠ ነው፣ አይጨምርም። ብነግራትም ወረቀቱን ይዛ መስጊድ ሄደች፣ ሸኹን አስነበበች፣ ተመልሳ ፈረመች። እንዲህ ያለ ደንበኛ ይብዛልኝ።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ተሰቀለ። ፊሮምሳ፣ ቴክኒሻናችን፣ ቆርቆሮው ላይ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ሲወርድ እጁን ሳይታጠብ ከኪሱ ለውዝ አውጥቶ ሰጠኝ። ምን ይሉታል ይህን ሰው።

ወደ አንድ ሰዓት ግድም የሰፈሩ መብራት ጠፋ። የእኛ ግቢ ብቻ አልጠፋም። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየን። ኤባ ሆን ብሎ የውጭውን አምፖል አበራው። ጋሽ ገብረጻድቅ እንኳ ከክፍላቸው ወጥተው፣ እጃቸውን ኋላ አጣምረው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና «ጎበዝ» አሉኝ። እሳቸው ቃል አያባክኑም።

ሠላሳ ምን አላት። አርባ አደርሳታለሁ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

አሥራ አንድ። ሦስቱ ዛሬ ብቻ። ሰው ይዤ እመጣለሁ፣ አክስቴ ባትሪውን ታሳያለች፣ ይፈርማሉ። ጋሽ ገብረጻድቅ ጎብኚ ሲመጣ በራቸውን ዘግተው ይቀመጣሉ። ቁጥብ ሰው ናቸው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ከአዲሱ መስመር ጋር የመጀመሪያው ቢል መጣ። ድሮ ግቢው በወር ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ይከፍል ነበር። አሁን መብራቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ የሶላሩ ክፍያ ሰባት መቶ። ሁለት መቶ ብር ተረፈ። ቃል በገባሁት መሠረት። ፎቶ አንስቼ ለጌዲዮን ላክሁለት። «ጥሩ» ብሎ መለሰ። ከእሱ አፍ ይህ ግጥም ነው።

አክስቴ ሂሳቡን ለተከራዮቹ ራሷ ታካፍላለች፤ ከጥንትም እንዲሁ ነው። መብራቱን በአምፖልና በፍሪጅ። አዲሱን እንዴት እንዳካፈለችው አልጠየቅሁም፤ የቤት ጉዳይ ነው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አሥራ ዘጠኝ። ድሮ በዓል ነበር፤ አሁን ሥራ ነው።

ጠዋት ሩት በር ላይ ለኤባ ሚስት «ፀሐይም ኪራይ ጀመረች እኮ» ስትል ሰማሁ። ሁለቱም ሳቁ። ስደርስ ዝም አሉ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ ለፊሮምሳ ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። «ማን ነው ያለው?» አለኝ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

የጋሽ ገብረጻድቅ መስኮት ሰሞኑን በጊዜ ይጨልማል። ሬዲዮአቸውም አይሰማም። ሽማግሌ ሰው በጊዜ ቢተኛ ምን ይደንቃል።

ሃያ ሦስት።

ግንቦት 29፣ ዓርብ፣ ዐረፋ

ዛሬ በደንብ መጻፍ አለብኝ።

አክስቴ በየበዓሉ ለክርስቲያን ተከራዮቿ ለብቻ ዳቦ፣ ማርና ፍራፍሬ ታዘጋጃለች። የጋሽ ገብረጻድቅን ሳህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ «እንኳን አደረሰሽ» ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ቤቱ ጨለም ያለ ስለሆነ ማብሪያውን ተጫንኩት። ምንም። ቀና ብዬ ሳይ አምፖል የለም። ወደ ክፍላቸው የሚገባው ገመድ ግድግዳው ላይ ተቆርጦ ጫፉ በፕላስተር ታስሯል፤ አሠራሩ ንጹሕ ነው፣ የባለሙያ። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሻማ።

ምን ሆኖ ነው ስላቸው መብራት ዓይናቸውን እየወጋቸው መሆኑን ነገሩኝ። ሰባ አራት ዓመት ያልወጋቸው መብራት። አመስግኜ ወጣሁ፤ በቀጥታ ሩት ጋ ሄድኩ። ሩት ውሃ ጠርሙሶቿን እየደረደረች፣ ፊቷን ሳታዞርልኝ ነገረችኝ። አክስቴ ሰባት መቶውን ለአራት ቤት እኩል አካፍላዋለች። ጣሪያው የጋራ ነው፣ ፀሐይዋም የጋራ ናት ብላ። ለእያንዳንዱ መቶ ሰባ አምስት። ሩት ፍሪጅ ስላላት ከመብራቱ ብዙ ቀነሰላት፤ አተረፈች። ጋሽ ገብረጻድቅ ግን ለአንድ አምፖልና ለሬዲዮ ሰማንያ ብር ይከፍሉ የነበሩት ሁለት መቶ ሃያ አምስት መጣባቸው። አንድ ወር ከፈሉ። ከዚያ አክስቴን ዓይኔን አመመኝ ብለው ገመዳቸውን ራሳቸው ቆረጡ።

ተመልሼ ገባሁ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ።

«ሰው ሁሉ እየመጣ የሐናን ሥራ ነው እያለ ያያል» አሉኝ። «እኔ በመቶ ብር ላሳፍርሽ?»

ምን ይባላል ለዚህ። ይሉኝታ ሰውን ጨለማ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እኔ ደግሞ በጨለማው መስኮት ፊት ለፊት ሃያ ሰባት ሰው አስፈርሜያለሁ። መስኮቱን አላየሁም ማለት አልችልም፤ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ።

ቃሌ ለቆጣሪው እውነት ነበር። ቆጣሪው ሁለት መቶ ብር አትርፏል። ከቆጣሪው ኋላ ያለው ሰው ግን ከሰረ፤ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም፤ ቅጹ ላይ ቦታ ስላልነበረው። ቅጹን ማን አዘጋጀው?

ከሃያ ሰባቱ ስንቱ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል እንዳለ አላውቅም። እኔ የማላውቀው ነገር አይመቸኝም።

ሰኔ 1፣ እሑድ

አክስቴን ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ «በክፍል ነው ያካፈልኩት፣ ታዲያ በምን ላካፍል?» አለችኝ። ቀጥላ አለቀሰች። እሷ ከማንም ሳንቲም አትወስድም። የሳቸውን ድርሻ እኔ ልክፈል አለች፤ እሳቸው ግን ባልተጠቀምኩበት አይከፈልልኝም ብለው መለሱላት። አሁን ሁለቱም ይከባበራሉ፣ ሁለቱም ተኳርፈዋል።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ጌዲዮን ጋ ገባሁ። አዲሱን ቅጽ ይዤ። ጀርባው ባዶ አይደለም።

ለእያንዳንዱ ክፍል ትንሽ ቆጣሪ፤ ዋጋው ከሶላሩ ጋር አብሮ ይገባል። የሶላሩ ክፍያ የሚካፈለው በተጠቀሙት ልክ ነው። ከድሮው የሚበልጥ የሚመጣበት ክፍል ካለ፣ የበለጠው በባለቤቱ ላይ ነው። በጀርባው እያንዳንዱ ተከራይ ይፈርማል። አንድ ተከራይ እምቢ ካለ ግቢው አይቆጠርም፤ ተሰቅሎም ከሆነ ይወርዳል። ይህች የመጨረሻዋ የእኔ ናት፤ ካለሷ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ጌዲዮን ሃያ ሰባት ፊርማ በእጄ እንዳለ አስታወሰኝ። «ባለ ቆጣሪው ፈርሟል» አለ። «ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የእኛ ሥራ አይደለም።»

ቅጹ አናት ላይ ክፍያው ፀሐይዋ ከምታተርፍላችሁ አይበልጥም ብለን ያተምነው ለማን ነው አልኩት። ለቆጣሪ ነው ወይስ ማንበብ ለሚችል?

ቅጹን ገልብጦ ጀርባውን አነበበ። በመጨረሻ ፈረመበት። ሰኔ ሠላሳ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም አለኝ። ንቅንቅ ትበልልኝ ያለው ማን ነው።

ሰኔ 6፣ ዓርብ። በምሳ ሰዓት

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የፈረሙትን በአዲሱ ቅጽ እንደገና እዞራለሁ፤ ስድስት ግቢ፣ ሁለቱ ወጡ። አንድ አከራይ «በገዛ ቤቴ ተከራይ ሊያስፈርመኝ?» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ጫማዬ አበቃ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ከብረታ ብረቱ ማዶ ባለው ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ አገኘሁ፤ እሷም በአንድ አምፖል መቶ አርባ ብር ተቆልሎባት። ጋሽ ገብረጻድቅ ብቻቸውን አልነበሩም። ማወቁ አሳፈረኝ፣ ደግሞም አበረታኝ። ልክ ነበርኩ። መሳሳቴን ባወቅሁ ጊዜ ማለቴ ነው።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ሃያ። ሰባት አጥቻለሁ። ከመንገድ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው የምጽፈው።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

ያልጠበቅሁት ነገር። አከራዮቹ ሳይሆኑ ተከራዮቹ መጥራት ጀመሩ። ትናንት ሁለት ሴቶች ማዕከሉ ድረስ አከራያቸውን ይዘው መጡ፤ ይዘው ማለቴ በእጁ ይዘው። ሰውየው አፍሯል ግን ፈረመ። ትንሿ ቆጣሪ እንድትገባላቸው ነው፤ ለዓመታት በፍሪጅና በአምፖል ሲጣሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ከሶላሩ ይልቅ እሷን ወደዷት።

ሃያ አራት። ፊሮምሳ በቀን ስምንት ቆጣሪ ይገጥማል። ለውዙን ዛሬም አመጣ። ዝናብ ስለመታው ለስልሷል፤ በላሁት።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሃያ ሰባት። እኛ ግቢ ሩት ፈርማለች፣ ኤባ ፈርሟል። ጋሽ ገብረጻድቅን አልጠየቅሁም። ጊዜ አላገኘሁም።

ጊዜ አላገኘሁም ማለት ውሸት ነው። በራቸው ላይ በቀን አራት ጊዜ አልፋለሁ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳኛው የአክስቴ ግቢ ነው። የጎደለው ፊርማ አንድ ነው።

ሁሉም መካሪ ሆኗል። አክስቴ እኔ ብቅ ብል ብቻ እንደሚፈርሙልኝ ነገረችኝ። ጌዲዮን ሁለቴ ደወለ። ኤባ ሽማግሌ ልላክ ወይ አለ፣ ትዳር የምጠይቅ ይመስል። ሁሉም ስለሚወዱኝ ነው። አውቃለሁ።

ፊሮምሳ ብቻ ኬብል እየጠቀለለ፣ ቀና ሳይል «አንቺ ከጠየቅሻቸው ይፈርማሉ። ችግሩም እሱ ነው» አለ።

ተናደድኩበት። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ገመዳቸውን ያስቆረጣቸው ይሉኝታ እስክሪብቶም ያስይዛቸዋል። እሱን ፊርማ ብዬ ከወሰድኩ ያ ሁሉ ጭቃ ለምን ነበር?

በሌላ በኩል ሦስት መቶ ቤት አለ። ሦስት መቶ ግቢ ስንት ክፍል ነው? ለእነሱ ስል አንድ ሽማግሌ በትንሹ ባግባባ ማን ይጎዳል? አዲሱ አሠራር ለእሳቸውም ይጠቅማል፤ ከሰማንያ ብር በላይ በፍጹም አይከፍሉም፤ ሂሳቡን ሦስቴ ሠርቼዋለሁ። ለራሳቸው ጥቅም ነው።

ለራሳቸው ጥቅም። ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያልኩት።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ጠበቅሁ። በራቸው ላይ ተቀመጥን። ወረቀቱን ሆን ብዬ ክፍሌ ትቼዋለሁ።

ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሃያ ዘጠኙን፣ ነገ መሆኑን፣ እሳቸው ካልፈረሙ የአክስቴ ግቢ እንደማይቆጠርና ሶላሩም እንደሚወርድ። መደበቁ ደግሞ ሌላ ማታለል ስለሚሆን ነው። ከዚያም እምቢ ማለት እንደሚችሉ ነገርኳቸው።

«እምቢ ብል ትቀየሚኛለሽ?» አሉኝ።

«አልቀየምም። እናደዳለሁ፣ ያልፍልኛል።»

ሳቅ አሉ። ኤባ ግቢውን አቋርጦ ሄዶ ተመለሰ። እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

«በሠላሳ አምስት ዓመት ሥራ አምጣ ፈርም ያሉኝን ሁሉ ፈርሜአለሁ» አሉ። «ላንቺ ስል ይህንንም ልፈርም ነበር። ምርጫ አለህ ካልሽኝ ግን አልፈርምም።»

እሺ አልኩ። እሺ ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ በዚህ እኮራለሁ። ከዚያ ቧንቧው አጠገብ ሄጄ፣ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

አክስቴ ሰማች። ራቴን አቅርባልኝ በሩን ዘጋች።

ሰኔ 30፣ ሰኞ

ሃያ ዘጠኝ ብዬ አስገባሁ።

ጌዲዮን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። የአክስቴን ዋና ቤት ለብቻው እንደ አንድ ግቢ ብንመዘግበው ማን ያውቃል አለ። እኔ አውቃለሁ አልኩት። የሽማግሌው ክፍል እኮ ገመድ የለውም፣ ስለዚህ ተከራይ ተጠቃሚ አይባሉም አለ፤ ብልህ ሰው ነው፣ ይህን ሌሊቱን ሲያስብበት ያደረ ይመስለኛል። ገመድ የሌለው እኛ ስላስቆረጥነው ነው አልኩት።

ማህተሙን አነሳ። ከመምታቱ በፊት ለበላዮቹ ሃያ ዘጠኙ ግቢ ውስጥ መቶ ስምንት ተከራይ መፈረሙን በደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ተስፋ ግን እንዳላደርግ ነገረኝ። ከዚያ መታው። መታወቂያዬን አስረክቤ ወጣሁ። በሩ ላይ ሲደርስብኝ እጁን ዘረጋልኝ። ፊቱ ያው ነው፣ እጁ ግን ጠበቅ አደረገኝ።

ተሸንፌያለሁ? ይህን ደብተር ከፍቼ ያንን ቃል ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ እጄ እምቢ አለ። ማንም የማያፍርባቸው ሃያ ዘጠኝ ግቢዎች አሉ። ወደ የትም ክፍለ ከተማ ቢሄድ ቅጹ ጀርባው ሙሉ ሆኖ ነው የሚሄደው። ሰው ከፈለጉ ደግሞ ስልኬን ያውቁታል።

ሶላሩ ሐሙስ ይወርዳል። ፊሮምሳ ራሴ አወርደዋለሁ፣ ሌላ ሰው ቆርቆሮውን ይበሳዋል አለ።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ሥራ የለኝም፤ ረፍዶ ነቃሁ። ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ አቁሟል። የክፍሌ በር ተንኳኳ። ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ መነጽራቸውን ይዘዋል።

ሌላ ነገር ከመናገሬ በፊት ቁጥሩ ገባ ወይ አሉኝ። ገባ፣ ሃያ ዘጠኝ አልኳቸው።

«እኔን ሳትቆጥሪ?»

«እርስዎን ሳልቆጥር።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በሩ ላይ ያለውን በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ጠርገው አደረጉ።

«እንግዲህ ያንን ወረቀት አምጪው» አሉ። «አንብቢልኝ። ከላይ ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ።»

ጊዜው ማለፉን፣ ዛሬ ቢፈርሙም ለቁጥሩ ምንም እንደማይጨምር ነገርኳቸው።

«እሱን አውቄ ነው የመጣሁት» አሉ።

ወረቀቱን አመጣሁ። አክስቴ ከዋናው ቤት በር ላይ ቆማ ታየናለች፤ ፎጣ በእጇ ይዛ፣ አትገባም አትወጣም። ከላይ ጀምሬ ማንበብ ያዝኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝና የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጠየቁኝ።